የደመሰስኩት ስም

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ሺራ ከጦር ሠፈር መጥታ ድክም ብሏት ስትተኛ፣ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያዋን ሶፋው ላይ ትታው ነበር። አነሣሁት። የድሮ ጨዋታዎች ተጭነውበት ኖሯል። የጠፈር ልብስ የለበሰችው ተዋጊ ከአንዱ ተንሳፋፊ ድንጋይ ወደ ሌላው ስትዘል ሳይ፣ ዐርባን ባለፈ ዕድሜዬ የልጅነት ቅናቴ ተቀሰቀሰብኝ።

ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከኛ በታች ባለው ፎቅ ብርቱካን የምትባል ጓደኛዬ ትኖር ነበር። አጎቷ ያመጣላት እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበራት፤ ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ቀለም የሚባል ነገር የሌለው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ፣ ሰላም እንኳ የማይሉን ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይዘው ይጠብቋት ጀመር። እኔ ከኋላ ቆሜ የተቆላ ሱፍ እየፈለፈልኩ አያታለሁ። በዚያው የጠፈር ጨዋታ፣ ስታውሰኝ እኔ ሦስተኛውን ፕላኔት ማለፍ ሲያቅተኝ እሷ ወደ መጨረሻው ተቃርባ ነበር። ጣቶቿ ሳይቀሩ ያስቀኑኝ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንዴው ቢጫ መሆን ሲጀምር ከቤተሰቧ ጋር ለሠርግ ልትሄድ ሆነ።

"ያዢው፣ ተለማመጂበት" ብላ ሰጠችኝ። "የኔን ስም ብቻ እንዳትነኪ።"

ጨዋታው የደረስንበትን በየስማችን ያስቀምጥ ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ፣ ሦስተኛው ፕላኔት ላይ ለስንተኛ ጊዜ እንደሞትኩ እንጃ፣ ስሟን ደመሰስኩት። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

እሑድ፣ የትምህርት ሳምንቱ ሲጀመር፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መለስኩላት። ከፍታ አየችው፤ ስሟ የለም።

"ባትሪው ይሆናል" አልኳት።

"ይሆናል።"

አጠገቤ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሦስተኛው ፕላኔት ላይ ስትደርስ "እዚህ ጋ አትቸኩዪ፤ ድንጋዩ እስኪቀርብሽ ጠብቂ" ብላ አሳየችኝ። ደግነቷ ይባስ አበገነኝ። ትምህርት ሳይዘጋ ጨዋታውን ጨረሰችው። አውቶቡሱ ሙሉ አጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ትናንት ሺራን አውቶቡስ ጣቢያ ሸኝቼ ስመለስ ለብርቱካን ደወልኩላት። አሁን ሐዴራ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት።

"ያኔ ስምሽን የደመሰስኩት እኔ ነኝ።"

ሳቀች። "የኔ ጠፍቶ ያንቺ ሲቀር፣ ባትሪ ነው ብዬ ያመንኩ መስሎሽ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሌሎቹ እኮ የሚመጡት ለጨዋታው ነበር። ካንቺ ብጣላ ማን ይቀረኝ ነበር?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መንገድ ዳር ብዙ ቆምኩ። ሁሉ ነገር አላት እያልኩ ስቀናባት፣ እሷ እኔን እንዳታጣ ትሰጋ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት አውቃ ቂም ሳትይዝ መኖሯን ሳስብ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በዚያም ቀናሁባት።