የሶፋ ሠሪዋ አንገትና የስፕሪንግ ሽቦ

የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌ ሶፋ ስታፈርስና ስትጠግን እጇ ደክሞ ያውቅ ይሆናል፤ አፏ ግን ደክሞ አያውቅም። ባሏ ደግሞ "እህ" ሲል የሚውል ሰው ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ አብረው ይሠራሉ፤ ጨርቁና ስፕሪንጉ የእሷ፣ እንጨቱ የእሱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዲት ጡረተኛ መምህርትን ሶፋ ገልብጣ የዛገውን ስፕሪንግ በፒንሳ ስትጎትት፣ ሽቦው ጠርቅ ብሎ ተበጠሰ። ከአገጯ ሥር በግራ በኩል ንብ የነደፋት መሰላት። እጇን ስትሰድ አንዱ የሽቦ ጫፍ ጣቷን ወጋት፤ ሌላው አንገቷ ውስጥ ገብቷል። ደም እንኳ ብዙም አልወጣም።

ባሏ መዶሻውን ጥሎ መጣና ፒንሳውን አነሣ።

"ንክች እንዳታደርገው" አለችው። "ሚስማር ሲነቀል ቀዳዳው ምን እንደሚሆን ጠፍቶህ ነው?"

"ታዲያ እንዲህ ሆነሽ ልትሄጂ ነው?"

"ምን ላድርግ? አብሮኝ ይሄዳላ።"

ሽቦው እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ንጹሕ ጨርቅ ደልድላ ታክሲ ውስጥ ገባች፤ ባሏም ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ ተከተላት። ፎቶ እንደምትነሣ ሙሽራ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። ሹፌሩ በመስተዋቱ ሰርቆ ሲያያት ጊዜ "መንገዱን እይ፣ የኔ ወንድም፤ ጉድጓድ ሳትመታ አድርሰኝ" አለችው።

ሐኪም ቤት የተቀበለቻቸው ቀዶ ሐኪም አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። የሲቲ ስካኑን ፎቶ ለባልየው አሳየችው። የሽቦው ጫፍ ወደ አንጎል ደም ከሚወስደው ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ቆሟል፤ በመካከላቸው የሩዝ ፍሬ እንኳ አያልፍም።

"እንዳይነቀል ያደረገው ማን ነው?"

"እሷው ናት።"

"ጫፉ እንደ መንጠቆ ተጣሟል። ጎትታችሁት ቢሆን የደም ሥሩን ቀዶት ነበር የሚወጣው።"

ባልየው ኪሱ ውስጥ የቀረውን ፒንሳ ዳበሰ።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሟ የአንገቷን ጎን ከፍታ፣ ድንገት ቢደማ ቶሎ ለመቆንጠጥ መጀመሪያ የደም ሥሩን ከላይና ከታች በማሰሪያ ያዘችው። ከዚያ ሥጋውን በቀስታ ፈልቅቃ ሽቦውን አወጣችው።

ሬዲዮ ስትነቃ መርዶው ጠበቃት። የድምፅዋ ነርቭ ባይቆረጥም ተነክቷል፤ ለስድስት ሳምንት በሹክሹክታም ቢሆን ማውራት የለም። ከሽቦው ይልቅ ይህ ጠዘጠዛት።

ቤት ስትገባ ጠያቂ ጎረፈ፤ ለጠያቂ ደግሞ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ባልየው በመጀመሪያው ቀን በሁለት ቃል ተገላገለው። በሦስተኛው ቀን ወሬው እግር አወጣ። በሁለተኛው ሳምንት በእሱ አፍ ሽቦው ክንድ አክሏል፤ ሹፌሩም ደንግጦ ራሱን ስቷል። እሷ ሳቋ አምልጧት ስፌቱን በእጇ ትደግፋለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ቀልደኛ መሆኑን አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጻፈችለት፤ "ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ኖሯል?"

"መግቢያ መቼ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?" አላት።

ድምፅዋ በሁለተኛው ወር ትንሽ ሻከር ብሎ ተመለሰ። እሱም መናገሩን ለምዶታል። ሁለቱም እኩል ሲጀምሩ ደንበኛው ማንን እንደሚሰማ ይቸግረዋል።