የአቶ ኦጁሉ ቤት ፋየርዎል

«እና እኔ እንግዳዬን ምን ልበለው?» አሉኝ አቶ ኦጁሉ።

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ጋምቤላ ከተማ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ቀጠሩኝ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ደረጀ ገና ወንበር ሳይሰጠኝ ወደ አቶ ኦጁሉ ግቢ ላከኝ። ቸኩዬ ነበር። «ይለምደዋል» አልኳቸውና ወደ ኬብሌ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው አሪየት ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው። የጤና ትምህርት ጽሑፎችን ወደ አኙዋክኛ ትተረጉማለች። ጽሑፎቹን አንድ የእርዳታ ድርጅት ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያድላቸዋል። የቤቱ ዋይፋይ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ከውሃው ጋር ፓስወርዱም ይነገረዋል። ከአንዱ እንግዳ ላፕቶፕ ቫይረስ ተሻግሮ የአሪየትን ፋይሎች በሙሉ ቆለፈባት። ድርጅቱ ለዚያ ጊዜ ታገሳት። ከተደገመ ግን ውሉ እንደሚቋረጥ በግልጽ ነግሯታል።

«እህቴ፣ ይሄ ሥራ ከሄደ እዚህ አገር ሌላ እንደሱ አላገኝም» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ዝጊው።»

መዝጋት ደግሞ እችልበታለሁ።

ጋሽ ደረጀ ከመሳቢያው መዳፍ የምታክል ቦርድ አውጥቶ ነበር የሰጠኝ። ማራገቢያ የላት፣ ሽፋን የላት። «ኢንጂነር፣ ትልቁን ፋየርዎል የሚገዛ ደንበኛ እዚህ የለም። በዚች ትሠሪዋለሽ?»

«እሠራዋለሁ።»

«ዲግሪሽ ካልበቃት የሳሙና ማስቀመጫ አርጊያት» ብሎ ሳቀ።

አላወቀም እንጂ ልክ ብሏል። የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ገዝቼ፣ በጋለ ሚስማር በስቼ፣ ቦርዷን እሱ ውስጥ አስቀመጥኳት። እንደምትታየው ትንሽ አይደለችም፣ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ከሞደሙ የመጣው ኬብል በአንድ በኩል ይገባል። በሌላ በኩል በዩኤስቢ በጨመርኩላት የኔትወርክ ካርድ ወደ ቤቱ መስመርና ወደ ቤተሰቡ የራሱ ዋይፋይ ይወጣል። ፋየርዎሉ መሃል ላይ ሆኖ ይሄ ይለፍ፣ ያ አይለፍ ይላል። የሞደሙን ዋይፋይ አጠፋሁት። የቤተሰቡን ስልኮችና የአሪየትን ኮምፒውተር ብቻ መዝግቤ ሌላውን ሁሉ ከለከልኩ። ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። ቦርዷን ፍሪጅ ላይ አስቀምጫት ኖሮ በቀትር ሙቀት ሥራ አቁማ ቀረች። ከፍሪጁ ኋላ የሚወጣው አየር እንደ ምድጃ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ቀጥሎ መብራቱ መጣ። ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሜሞሪ ካርዱ ይበላሻል። ካርዱን የሚነበብ ብቻ፣ የማይጻፍበት አደረግኩትና ትንሽ ባትሪ አከልኩላት። ጋሽ ደረጀ «ለአንድ ቤት ይሄ ሁሉ ምልልስ?» አለኝ። «እስኪቆም ድረስ እመላለሳለሁ» አልኩት። ቆመም።

ከዚያ አሪየት ደወለች። «ኢንተርኔቱ በጣም ጥሩ ሆኗል። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል።»

«ሁሉም ሰው?»

ስልኩን እንኳን በደንብ ሳልዘጋው ሮጥኩ። ግቢው ስደርስ አጥሩን አልፌ በቀጥታ ወደ ቤቱ ልገባ ስል፣ ማንጎው ስር የተቀመጡት የአቶ ኦጁሉ እናት «ቁሚ!» አሉኝ። «ወዴት ነው?»

«እማማ፣ እቸኩላለሁ፣ ፋየርዎሉን ነው...»

«እሱን አላውቅም። ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ። ሲጠሩሽ ትገቢያለሽ።»

እየተቃጠልኩ ተቀመጥኩ። ጥላው ስር ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጎረቤታቸው መምህር ስዩም ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። «ቀስ በይ፣ ባሮ አይደርቅም» አለኝ መምህሩ።

በመጨረሻ አሪየት ጠራችኝ። ቦርዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ሁለቱም የኔትወርክ ኬብሎቿ ግን ተነቅለዋል። የቤቱ መስመር ከሞደሙ ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል፣ የሞደሙ ዋይፋይም በርቷል። የአሪየት ኮምፒውተር ጥላው ስር ካለው ላፕቶፕ ሁሉ ጋር እንደገና አንድ ላይ ነው።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ» አሉ አቶ ኦጁሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የወንድሜ ልጅ ከማታር መጣ። ደረስኩ ብሎ ለእናቱ መንገር ፈለገ። በገዛ ግቢዬ አይሆንም ልበለው? ሰዉ ‹ኦጁሉ ኮራ› ይለኛል እኮ!»

«የእኔስ ሥራ?» አለች አሪየት።

«ሥራሽ ሥራ ነው። እንግዳም እንግዳ ነው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን በበሩ ወደ ውጭ እያየሁ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ውሃ ጠጥቶ፣ ስቆ ተጫውቶ ተቀምጧል፤ ሳይጠራ የቤቱን ደፍ የረገጠ ግን አንድም የለም። ተከለከልኩ ብሎ የተቀየመም የለም።

«ዛሬ አልሄድም» አልኳቸው።

መጀመሪያ የአሪየትን ኮምፒውተር ከመስመር ነቅዬ ፈተሽኩት። ንጹሕ ነበር፣ ደርሼለታለሁ። ከዚያ ሁሉንም ከሥሩ ሠራሁት። የሞደሙን ዋይፋይ ለእንግዳ ተውኩት። የቤቱን መስመር ከቦርዷ ኋላ አስገባሁ። ከቤት የሚወጣ ይወጣል፣ የጠየቀው መልስ ይመለስለታል፤ ከእንግዳው በኩል በራሱ ተነሥቶ የሚገባ ግን የለም። የቤተሰቡን ፓስወርድ ቀየርኩና ወደ ማንጎው ወጣሁ።

«መምህር፣ የአሪየትን ኮምፒውተር ፈልግልኝ።»

ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ። «የለም እኮ! ቅድም እዚህ ነበር።»

«ኢንተርኔትስ?»

«ኢንተርኔትማ አለ።»

አሪየት ያንን ቀን ጽሑፏን ጨርሳ ላከች። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንግዳ የት ነው የምታስቀምጡት?» ብዬ ነው። ኬብል የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል አጥሩ ጋ ሌላ ሰው ተጣራ። ስልኩን ገና ከሩቁ በእጁ ይዞታል። አቶ ኦጁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ልበለው?»

«ግባ ይበሉት» አልኳቸው። «ፓስወርዱንም ይስጡት። እስከ ማንጎው ድረስ ነው።»