ግዝቱ ስለ ኪኒን አይልም

አረቄ ከተውኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የነፍስ አባቴ መስቀል አስጨብጠው በግዝት ነው ያስተዉኝ። ባለፈው ክረምት ከጋፋት ስመለስ ጭቃው አንሸራቶ ጣለኝና ክንዴ ተሰበረ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ክንዴን በጀሶ ያሰረችልኝ ሐኪም፣ «የመጠጥ ወይም የሌላ ነገር ሱስ ነበረብዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ ሰካራም ነበርኩ ልበል? «ኧረ በፍጹም!» ብዬ ተቆጣኋት። እሷም አምናኝ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አዘዘችልኝ።

ኪኒኑ ሕመሙን ጸጥ አደረገው። በሳምንቱ ግን ክንዴን ሳያመኝም ሰዓት ማየት ጀመርኩ። ይህን አጠባበቅ አውቀዋለሁ፤ ድሮ አረቄ ቤቱ እስኪከፈት በር ላይ የምቆመው እንዲሁ ነበር።

የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡና ገና አረፍ እንዳሉ፣ «ክንድህ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«አባ፣ ግዝቱ ለአረቄ ነው እንጂ ለኪኒን አይደለም፤ አይደል?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ የጠየቅሁህ እኮ ስለ ክንድህ ነው።»

አፈርኩ። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ትራማዶሉን ቀስ በቀስ አስቀንሳ ሱስ በማያስይዝ ማስታገሻ ቀየረችልኝ፤ ካርዴም ላይ ጻፈችው። ይጻፍ!

ዘንድሮ ገብሴን ራሴ አጭጃለሁ። ሰማዩ ሲከብድ ክንዴ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል፤ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይሄዳል። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው ነገር የለኝም።