ወርቄና ጣውንቷ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በገዛ እጄ በሠራኋት መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ... ስድስት ዓመት ሙሉ ስነዳት አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ኪት ካር የሚሉት መኪና አለ። አካሉ በሣጥን ተበታትኖ ይመጣል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአሮጌ መኪና ታወጣና ራስህ ትገጣጥመዋለህ። እኔ ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዊንተር ፈጅቶብኛል። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያ የሌላት አረንጓዴ መኪና። ካለቀችም በኋላ አልተውኳትም፤ ፍሬኑን ቀየርኩ፣ መሪውን ቀየርኩ፣ ካርቡራቶሩን ሁለት ጊዜ። ባለቤቴ ወርቅነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። በጋራዡ በር ብቅ ትልና «ዛሬስ ከማናችን ጋር ነህ? ከእኔ ነው ከጣውንቴ?» ትለኛለች።

ወርቄ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ወደቀና እዚያው ከተማችን ኦግደን ሰፈር ያለው፣ ለነዳጅ ኩባንያዎች ዕቃ የምንሠራበት ወርክሾፕ ግማሻችንን ሌይ ኦፍ ብሎ ከሥራ አሰናበተን። ቤቱ ከእጄ እንዳይወጣ ብዬ መኪናዋን ለሽያጭ ፖስት አደረግኳት።

ልታያት የመጣችው ሰናይት ትባላለች። እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ኮፈኑን ስከፍትላት ጮኸች።

«ጋሼ ተክሌ፣ ኦ ማይ ጋድ! ይሄን አንተ ነህ... ሶሪ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«እኔና እግዜር የሰጠኝ ትዕግሥት።»

«ሰንዴይ ሰንዴይ ማሚን ቸርች እወስድበታለሁ።»

«እናትሽ ጣሪያ የሌለው መኪና ውስጥ ይገባሉ?»

«ታማርራለች። ግን ትገባለች። ላይክ፣ ሁሉንም ነገር እያማረረች ነው የምታደርገው።»

ሳቅሁ። ወርቄ ግን አማርራ አታውቅም ነበር።

ቁልፉን ሰጠኋት። እሷ መሪውን ያዘች፤ እኔ በወርቄ ወንበር ገባሁ። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ውስጥ እግሬን ሞቅ አለኝ። ፀሐይ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወለሉ ምጣድ ሆነ... እግሬን ማሳረፊያ አጣሁ።

«ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ? ፈጠንኩ እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ንጂ።»

ራሴን ሳየው፣ ሁለት እግሬን ወደ በሩ አጥፌ፣ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀምጫለሁ። ያ አቀማመጥ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የወርቄ ነው። እንዲያ ስትቀመጥ አፍራ መስሎኝ ነበር እኮ!

የሞተሩን ትኩስ ጭስ የሚያወጣው ማርሚታ በእሷ በኩል ከወለሉ ሥር ያልፋል። ስገጣጥማት ሙቀት የሚከለክለው ንጣፍ የበቃኝ ለአንድ በኩል ብቻ ነበር። በሹፌሩ በኩል ገጠምኩት። የእሷን «በኋላ አደርገዋለሁ» አልኩ... ከዚያ ፍሬን፣ መሪ፣ ካርቡራቶር። በኋላ የተባለው ቀን ሳይመጣ ቀረ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዋን አጥፋ ከእግሯ ሥር ስታነጥፍ አየኋት። ተቆጣሁ።

«ሥጋ ወደሙ ፊት የቆምሽበትን ነጠላ ትረግጫለሽ? ምን ነካሽ?»

አንስታ አራገፈችና ጉልበቷ ላይ አደረገችው። በሚቀጥለው እሑድ፣ በዚያ ሙቀት፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋ መጣች። ሳቅሁባት። «እግሬ ብርድ አይችልም» አለችኝ። አመንኳት። እንዲያውም «ወርቄን በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀትም ይበርዳታል» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖርኩ።

መጀመሪያ «ለምን አልነገረችኝም?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት። መንገዱ ሳያልቅ ጥያቄው ዞረብኝ። ነጠላዋን ወለሉ ላይ ሳይ፣ «ለምን?» ብዬ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ። ለነጠላው ተቆረቆርኩ፤ ለእግሯ ግን አላሰብኩም።

በሕመሟ ጊዜ አልጋዋ ግርጌ ቁጭ ብዬ «በማወቅም ባለማወቅም ላስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ» ብያት ነበር። «ምን አስቀይመኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። ባለማወቅ ያልኩት ይሄን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ቤት ስንደርስ ሰናይት ከመኪናዋ መውረድ አቃታት።

«ጋሼ፣ አይ ላቭ ኢት። ዛሬውኑ ልውሰዳት?»

«ሐሙስ ነይ።»

«ባት ዋይ? ምን ሆነች?»

«የእናትሽ ወንበር አላለቀም።»

ወንበሩን ነቀልኩ። ወለሉን አጽድቼ ንጣፉን በድርብ ገጠምኩት። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነበር... ይሄው ነው፣ አንድ ቀን ተኩል። ረቡዕ ከሰዓት ወደ ውጭ አወጣኋትና ሞተሩን አስነሥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት እስኪደረስ የሚፈጀውን ያህል በወርቄ ወንበር ላይ በባዶ እግሬ ቁጭ አልኩ። ወለሉ አልጋለም። በቀብሯ ቀን ሰው ሲያየኝ የያዝኩት እንባ ያኔ ወረደ።

ሐሙስ ሰናይት እናቷን ይዛ መጣች። እትዬ እንደገቡ ጀመሩ።

«ኧረ ይሄ ምን ጉድ ነው! ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ነው! አንቺ ልጅ፣ በሕይወት አድርሺኝ እንግዲህ!»

ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ በእናትየዋ በኩል ወደ በሩ ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ፣ እግርዎትን አቃጠለዎት?»

«እግሬማ ደህና ነው። ምነው?»

«አይ... እንዲያው ነው።»

መንገዱ ዳር ቆሜ እስኪታጠፉ አየኋቸው።

ወርቄ፣ ጣውንትሽን ዳርኳት... ካልሲሽ ግን እኔው ጋ ነው።