ምን ይሰማዎታል?

የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩን ሲከፍቱት ጨለማውን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ማዳበሪያው ተጭኖ ከሄደ ቆይቷል። ነጩ ፍሬ ግን በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ቀርቶ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አየር እንዲያስገባ ተብሎ ቀዳዳ ብሎኬት ተደርድሯል፤ ብርሃንም የሚገባው በዚያ ነው።

የከተማውን ስም አልጠራም። ከእኛ ከተማ ከወገዳ የሩቅ ሩቅ አይደለም ማለት ይበቃል።

በር ላይ የነበረው ፖሊስ ነጠላዬን ዳብሶ መለሰልኝ። ማተቤን ግን በመቀስ ቆረጠው። ገመድ ወደ ውስጥ አይገባም አለ።

«ይህ ገመድ አይደለም» አልኩት።

«ለእኛ ገመድ ነው፣ እማማ» አለኝ። ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። ክፉ ሰው አልነበረም።

ያ ሰሞን መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የማይሠራበት፣ ሰው በሰው ጥቆማ የሚወሰድበት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በጓሮዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ለአንድ የባዮሎጂ አስተማሪ አከራይቻለሁ። መጀመሪያ እሱን ወሰዱት፣ በማግስቱ እኔን። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነበር፤ ወደ ክፍሉ የታጠቁ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ አይቻለሁ እንድል። አላየሁም። እኔ ያየሁት ደብተር ሲያርምና ሽሮ ሲያሳርር ነው።

በመጋዘኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የጋይንት ሰው ናት። አርብ ገበያ ላይ አረቄ ትሸጣለች። ኬላ ላይ ጀሪካኗን ሲደፉባት የተናገረችው ነገር ነው ያሳሰራት። ምን እንዳለች ደጋግማ ነግራናለች፤ እዚህ አልጽፈውም። ሌላዋ ወጣት ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተምራ ለተፈናቀሉ ሴቶች ምክር ትሰጥ የነበረች። ከሴቶቹ ጋር በር ዘግታ መነጋገሯ አስጠረጠራት። ለተመካሪ በር ይዘጋል ብላ ብታስረዳቸው የሚሰማት አላገኘችም።

በመጀመሪያው ቀን መቀርቀሪያው ከውጭ ሲወረወር ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ትንፋሼ ከጉሮሮዬ በታች አልወርድ አለ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩና «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀመርኩ። መካከል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያልኩት ጸሎት ነው። ከመታሰሩም ከመቀርቀሪያውም ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር።

«ዛር ነው የያዛቸው» አለች ጋይንቴዋ። «ጠበል የሚረጫቸው ሰው ቢገኝ ይለቃቸዋል።»

«ጠበሉን ስንፈታ ይጠመቁታል» አለች ወጣቷ። «አሁን የቸገራቸው ትንፋሽ ነው።»

«ትንፋሽ ማውጣት ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?»

«አዎ። ያውም በማዕረግ ነው የተመረቅኩት።»

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛ ያለባት ጠባብ ክፍል ናት። በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ያኔውኑ ያ የትናንቱ ሰውዬ ደረቴ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። መርማሪው ይናገራል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉን አልያዝኩም። «አየሁ» ብል በሩ የሚከፈት መስሎ ታየኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያዳነኝ መናገር አለመቻሌ ነው፤ ትንፋሽ ከሌለ ድምፅም የለም። እሱ እያስመሰልኩ መሰለው። «ነገ ጠዋት እንገናኛለን፤ አስቢበት» ብሎ ሰደደኝ።

ስመለስ ለወጣቷ ነገርኳት። «ነገ እለዋለሁ። ትንፋሼ ሲያጥር ያላየሁትን አየሁ እላለሁ። ያ ልጅ በእኔ አፍ ሊጠፋ ነው።»

አይዞዎት አላለችኝም። «ዛሬ ሳይመሽ አብረን እናየዋለን» አለች።

ወደ ማታ ለሽንት አውጥተው ሲመልሱን መቀርቀሪያው ተወረወረ። ደረቴ ተያዘ። ወጣቷ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። አልነካችኝም።

«እትዬ፣ እኔን ይዩኝ። አሁን ምን ይሰማዎታል?»

እሷ በሙያዋ የጠየቀችው ውስጤን ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ሰው የሚሰማው በጆሮው ነው።

«ቆርቆሮው» አልኳት።

ግራ ገባት። «ቆርቆሮው ምን?»

«ይንቋቋል። ፀሐይ ስትለቀው… እየቀዘቀዘ ነው።»

ጋይንቴዋ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ የጠየቅሻቸው ሌላ፣ የመለሱልሽ ሌላ!»

ወጣቷ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። ዓይኗ ከእኔ አልተነሣም። «እሺ፣ ቆርቆሮው። ሌላስ ምን ይሰማዎታል?»

«ዘበኛው ሬዲዮ እየጠመዘዘ ነው። ጣቢያ አልያዘለትም።»

«ሌላስ?»

«አህያ። ጭነት እያወረዱላት ነው። አንደኛው ጆንያ ወርዷል፣ ሁለተኛው ከብዷቸዋል።»

«ሌላስ?»

«ያንቺ ጉሮሮ። ውኃ ጠምቶሻል።»

ፈገግ አለች። «ሌላስ?»

ሌላ ለመስማት ጸጥ አልኩ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ወንዶቹ ከታሰሩበት በኩል፣ አንድ ሰው ሳለ። ደረቅ ሳል ነው፤ ሁለት ጊዜ ይልና ያርፋል፣ ከዚያ አንዴ ያክላል። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ከጓሮዬ የምሰማው ሳል ነው። ጠመኔ ነው እያለ ያሳብባል፤ እኔ ብርድ ነው እለዋለሁ።

«ተከራዬ ነው» አልኩ። «ተከራዬ እዚህ ነው። በሕይወት አለ።»

ይህን ሳወራ ነው ትንፋሼ መመለሱን ያወቅሁት። መቼ እንደተመለሰ አላየሁትም። ጣቶቼ ሞቀው ነበር።

ወጣቷ መሬቱ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ የጠየቅኩት ስለ ልብዎ ነበር። በጆሮ መጀመርንም ተምሬዋለሁ፤ ሰው በፍርሃት ሲያዝ ዓይኑና ጆሮው ወዳለበት ቦታ ይመልሱታል ይባላል። ዛሬ ግን ትዝ አላለኝም። ወደዚያ የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲህ በማዕረግ የተመረቁት እሳቸው ናቸዋ!» አለች ጋይንቴዋ።

ከዚያ ብቻዬን እንዳደርገው አለማመደችኝ። እግሬ መሬቱን መርገጡን ማስተዋል፤ ከዚያ መስማት፤ የሰማሁትን በስሙ መጥራት፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አለማለት። ፍርሃቱ ቢመጣ አላባርረውም፤ እሱንም እንደ አንድ ድምፅ እሰማዋለሁ። «ፍርሃት የሚያወራው ስለ ነገ ነው» አለችኝ። «ጆሮ ደግሞ የነገውን መስማት አይችልም።»

ጋይንቴዋም ሳይጠሯት ገባችበት። ዓይኗን ጨፍና «ለእኔ አረቄዬ ሲንቆረቆር ይሰማኛል» አለች።

«እሱ ትዝታ ነው፣ አይያዝልሽም» አለች ወጣቷ።

«ታዲያ አሁን ያለውን ልስማ ካልሽ ሆዴ ነው የሚጮኸው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ዘበኛው ከውጭ በሩን ደበደበ፤ እስረኛ ሲስቅ ምን እንደሚደረግ መመሪያ የሰጠው ያለ አይመስለኝም። ከመተኛቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። የሚጠፋኝ ቦታ ስደርስ ቆም ብዬ ሰማሁ። ቃሉ እዚያው ነበር። እስከ መጨረሻው ደረስኩ።

ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። በሩ ላይ የቆመው ማተቤን የቆረጠው ፖሊስ ነው። በሩ ተዘጋ።

«እህ፣ አሰብሽበት?»

ደረቴ መጥበብ ጀመረ። ከዚያ ሰማሁ። የስክሪብቶውን ጫፍ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ጣሪያው ሥር ወፎች ጎጆ ሠርተዋል፤ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ውጭ አንዲት ሴት ከሰው ጋር ስለ ድንች ትከራከራለች። የገዛ ልቤም ይመታል፤ እሱንም ከድምፆቹ እንደ አንዱ ሰማሁት። ፈርቻለሁ። ግን መፍራቴን የሚሰማ፣ እሱ ያልፈራ ሌላ እኔ ደግሞ አለ። ለካ እዚያው ነበር።

ዝምታዬ የረዘመበት መርማሪ ጠረጴዛውን መታ። «አይሰማሽም እንዴ?»

«ይሰማኛል» አልኩት።

ጠበቀኝ።

«ቃሌን ከመስጠቴ በፊት አንቱ በለኝ» አልኩ። «እናትህ በሕይወት ካለች በእኔ ዕድሜ ሳትሆን አትቀርም።»

ድምፄን አላነሣሁም። መርማሪው ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ መሬት መሬቱን ያያል። የስክሪብቶው ጠቅታ ቆመ።

«እሺ» አለ። «ይናገሩ።»

«ያላየሁትን አየሁ አልልም። ያየሁትን ልንገርህ። ደብተር ሲያርም አይቻለሁ። ሽሮ ሲያሳርር አይቻለሁ፤ እሱንም ብዙ ጊዜ።»

ፖሊሱ ሳለ። ሳል ሳይሆን የታፈነ ሳቅ እንደነበረ በጆሮዬ አወቅሁ።

መርማሪው ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ ያንኑ አልኩ። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ጋይንቴዋ ገና ከበሩ ስገባ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለች መጣች። «አንቱ አለኝ» አልኳት። ሁለት እጇን ከጉልበቷ ጋር አጋጭታ እልል አለች፤ ወጣቷ አፏን በእጇ ያዘችላት።

ከዚያም ቆየን፤ አሁን አልቆጥረውም። ለምን እንደፈቱን አልነገሩንም፤ ለምን እንዳሰሩንም በደንብ አልነገሩንም ነበር። ስወጣ ያ ፖሊስ ከምስማር ላይ አንድ ነገር አውርዶ በመዳፌ አስቀመጠ። የተቆረጠችው ማተቤ ናት። ጫፍና ጫፏን ቋጥሯታል። አስተማሪው ከእኔ በኋላ ተፈታ። የመጣ ዕለት የግቢውን በር ሳይቆረቁር ነው ያወቅሁት፤ ከውጭ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ አረፈ፣ አንዴ አከለ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ብርድ ነው» አልኩት።

ለነፍስ አባቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የዘመን ነገር ብለው የሚንቁት መስሎኝ ነበር። «አባ፣ ስንጸልይ ሁልጊዜ ስማን እንላለን። እኔ ግን ለመስማት ጸጥ ብዬ አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

በተቆረጠችው ፈንታ አዲስ ማተብ እያሰሩልኝ ሳቁ። «እንግዲህ እግዚአብሔርም ወረፋ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው፣ ልጄ።»

ያቺ ወጣት ያንን ያልፈራውን ሌላ እኔ ንቃተ ኅሊና ትለዋለች። አባ ልቡና ይሉታል። ለሁለቱም እሺ እላለሁ። እኔ የማውቀው፣ ሌላው ሁሉ ሲወሰድብኝ እሱን የወሰደ አለመኖሩን ነው።

አሁንም መቀርቀሪያ ሲወረወር እደነግጣለሁ። ድንጋጤው ግን መጥቶ ይሄዳል፤ እንዳይቀመጥ ወንበር አልሰጠውም። ሰሞኑን ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ክንዴ ላይ ጨርቁን እያሰረች «ምን ይሰማዎታል፣ እናቴ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ምንም አይሰማኝም ብዬ እነሣ ነበር። አሁን ጥቂት ዝም አልኩ። ውጭ የልብስ ሰፊ መኪና ይንሰከሰካል። ሰው ወንበር ይጎትታል። ትንፋሼ ይገባል፣ ይወጣል።

ነርሷ ጥያቄውን ያልሰማሁት መስሏት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «ደኅና ነኝ።»