በፍልሰታ የበላሁት ባቄላ

የበደለችኝ ባልንጀራዬ ናት። ስሟን አልጠራም፤ እስቴ ውስጥ የሚያውቋት ያውቋታል። መካነ ኢየሱስ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። የበደለችኝም ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ከርመን በተመለስንበት መስከረም ነው።

የሄድነው ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እኔ፣ እሷ፣ እና ስማዳ የምታስተምር አንዲት ቀልደኛ። እስከ ደብረ ታቦር ጭቃውን በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ባልንጀራዬ የቻይና ምግብ ቤት ሳላይ አልመለስም አለች። አሳቡ የእሷ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ እኔ ጎትቼ እንደ ወሰድኳት ስላወራች ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጁን ጠርቼ፣ «ጾመኞች ነን፤ ሥጋም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የነካው እንዳታመጣብን» አልኩት። «ችግር የለም እመቤቴ፣ የጾም አለ» ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ከሳህኑ ጋር ቀጫጭን እንጨቶች አመጣ። የስማዳዋ አንዱን አንስታ እንደ እንዝርት አሾረችውና፣ «እራት ከመቅረቡ በፊት ፍተሉ ነው የሚሉን?» አለች። ሰው ዞሮ እስኪያየን ሳቅን።

ከዚያ ሩዝ መጣ፤ ጎመን ከካሮት ጋር መጣ። በጎመኑ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ነጭ ነገር ተደርድሯል። የስማዳዋ አማተበች።

«ወይ እመቤቴ! አይብ አመጡልን!»

እኔም አይብ መስሎኝ ሳህኑን ገፋሁት። አስተናጋጁ ቢምል ቢገዘት አላመንኩትም። በመጨረሻ የባለቤቱን ሚስት ከጓዳ ጠራት። አጠር ያለች ቻይናዊት ናት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ነገሩ ሲነገራት ተመልሳ ገባችና የእህል ፍሬ በመዳፏ ይዛ ወጣች።

«ባቄላ» አለች በአማርኛ። «ላም የለም። ባቄላ!»

የእኛን ባቄላ አይመስልም፤ ከአተር ትንሽ ከፍ ያለ ክብ ፍሬ ነው። ግን እህል ነው። ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ ጨምቀው፣ ጭማቂውን እንደ ወተት አርግተው እንደሚሠሩት አስተናጋጁ አስረዳን። ባቄላ ሲዘራና ሲወቃ እያየሁ አድጌ፣ ከእህል እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በላሁት። ጣዕም የለውም። ስሜ የጠፋበት ነገር ቢያንስ የሚጣፍጥ ቢሆን ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ።

ባልንጀራዬ ነጩን አልነካችም። ለጎረቤት ጠረጴዛ የመጣ ቢጫ ሾርባ አይታ አምሯት፣ እሱን አዝዛ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የእንቁላል ክር ይንሳፈፍበታል።

«ተይው፣ እንቁላል አለበት» አልኳት በሹክሹክታ።

«የበቆሎ ነው። ዝም በይ እቴ!»

«እንቁላል ነው እኮ።»

«አንቺ ደግሞ፣ እዚህም ቄስ ልትሆኚብን ነው?»

ጠጥታ ጨረሰችው። እኔም ተውኳት፤ ሆዷ የራሷ ነው።

አገር ስንገባ እናገርባታለሁ ብላ ፈርታ ቀደመችኝ። እሷ እንዳወራችው፣ እኔ በፍልሰታ፣ ያውም በቻይና እጅ የተሠራ አይብ በልቻለሁ፤ እሷ ደረቅ ዳቦ ይዛ እያዘነች ታዝባኛለች። ወሬው እስከ አርብ ገበያ ወርዶ፣ እዚያ ያለችው አክስቴ «አይብ አማረሽ አሉ?» ብላ ላከችብኝ።

ሁለታችንም የአንድ የማርያም ማኅበር አባላት ነበርን። የእኔ ቦታ የእናቴ ነበር፤ ስትሞት የተወችልኝ ሌላ ነገር የለም። በመስከረም ሃያ አንድ፣ የማኅበሩ ጽዋ ለቀጣዩ ወር ወደ እኔ ቤት መዞር ነበረበት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ልቀበል ብድግ አልኩ። የማኅበሩ ቄስ ጽዋውን እኔን አሳልፈው ከአጠገቤ ላለችው ሴት ሰጧት።

«አባ፣ ተራው የእኔ ነው።»

«ልጄ፣ የሚወራውን ሰምተሻል። ቀኖና ተቀበይ፣ ጥቂት ስገጂ፤ ተራሽ ይመለሳል።»

«የበላሁት ባቄላ ነው፣ አባ።»

አንዲት አሮጊት ከጥግ፣ «ባቄላ አይብ ከወጣውማ እኔም በሬዬን አልባለሁ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅሁም። ወደ ባልንጀራዬ ዞሬ፣ «እሷም ነበረች። እኔ የበላሁትንም፣ እሷ የጠጣችውንም ታውቃለች። ጠይቋት» አልኩ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «እኔ በሰው ጾም አልገባም፤ እመቤቴ ትፍረድ» አለች። የጠየቃት የለም።

ቄሱ እስከ ደጅ ተከተሉኝ። «ስግደት ማንን ጎድቶ ያውቃል? ባትበዪም ስገጂና ይለፍ። የእናትሽን ቦታ አትጪ።»

«ለእመቤቴ በየቀኑ እሰግዳለሁ፣ አባ። ለዚህች ሴት ውሸት ግን አልሰግድም። ከሰገድኩ በልቻለሁ ማለት ነው።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና ተመለሱ። እውነቱ የገባቸው ይመስለኛል፤ ቢገባቸውም ጽዋውን አላመጡልኝም። የስማዳዋን አስጠሪና ትመስክርልሽ ያሉኝም ነበሩ። አላስጠራኋትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰዎች የእኔን ቃል ካልተቀበሉ፣ የሌላ ሰው ቃል ለምኜ ላመጣላቸው አልፈለግሁም።

በጥቅምት ሃያ አንድ ያለ ጽዋም ቢሆን ጠላዬን ጠመቅኩ፣ ዳቦዬን ጋገርኩ፣ ደጄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከማኅበሩ አንድም ሰው አልመጣም። የቆሎ ተማሪዎች መጡ፤ ጸሎት አድርሰው በሉ፣ ጠጡ። ከዚያ በኋላም በየወሩ እንዲሁ አደረግሁ። ዓመታት አልፈው ማኅበርተኞቹ ተመለሺ ብለው ሲልኩብኝ፣ ስገጂ የሚለው ቃል ቀርቶ ነበር። አልተመለስኩም። ባልንጀራዬ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም።