ኬዛያ ፍሊንት የተናዘዙት ኃጢአት

እትዬ ኬዛያ ፍሊንት ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የምጽፈው ደፍሬ አይደለም፤ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ነው።

የመንደራችን ሸማኔ ነበሩ። ባላቸውን ወንዝ ወሰደባቸው፤ አንድ ልጃቸውን አሳሄልን ብቻቸውን አሳደጉ። የታተመ ያነባሉ እንጂ መጻፍ አይችሉም ነበር።

እኛ ዘንድ ልጁ የዘመተበት ቤት ስሙን በወረቀት ለቄሱ ይሰጣል። ቄሱ በሰንበት ያነቡታል፤ ጉባኤው ይጸልይለታል። አሳሄል ፈረንሳዮችን ሊወጋ በሰሜን ወዳለው ሐይቅ የሄደ ሰሞን እትዬ ኬዛያን ንዳድ ጥሏቸው ነበር። ወረቀቱን ጽፌ እንዳደርስ ለመኑኝ።

«አጥርተህ ጻፍ» አሉኝ ተኝተው። «የቄሱ ጽሕፈት እንደሆነ ዶሮ የጫረው ነው፤ እግዜርም አያነበውም።»

ጻፍኩ። ግን ቄሱን እፈራቸው ነበር። በራቸው ድረስ ሄጄ፣ የእንግዳ ድምፅ ስሰማ ተመለስኩ። ለሚቀጥለው ሰንበት አልኩ። በሚቀጥለውም እንደዚያው አልኩ።

በመስከረም የድሉ ወሬ መጣ፤ የአሳሄልም ሞት አብሮ። በምስጋናው ቀን እትዬ ኬዛያ ከአልጋቸው ተነሥተው ጸሎት ቤት ገቡ። ቄሱ ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ሰበኩ። «ከዚህ አሥራ አንድ ዘመቱ። ስማቸው የተነበበው አሥሩ ደኅና ናቸው። አንድ ቤት ግን አልለመነም» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ሴቶቹ ወንበር ዞረ።

እትዬ ኬዛያ ደጅ ላይ እጄን ያዙኝ። «ሰጥተሃል አይደል?»

«ሰጥቻለሁ፣ እትዬ።»

ወዲያው ሄደው በሰው ፊት ቄሱን ገጠሟቸው። «የልጄን ስም ተቀብለው ዋጡት! ውሸታም!»

«እኔ ያላየሁትን?» አሉ ቄሱ፣ ፊታቸው ነጥቶ።

«ይቺ ደግሞ!» አለች የዲያቆኑ ሚስት። «ድሯን ስታደራ ልጇን ረስታ በቄስ ታሳብባለች!»

ያኔም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ቄስን በሐሰት የከሰሰ ኃጢአቱን በጽሑፍ ተናዝዞ በጉባኤ ፊት እስኪያስነብብ ድረስ ከጌታ እራት ይታገዳል። የብርዱን ወራት ሙሉ ጨርቅ የሚያሠራቸው ጠፋ። በመጋቢት ቤቴ መጡ።

«ኑዛዜዬን ጻፍልኝ።»

«እትዬ...»

«አንተማ እንደሰጠህ አውቃለሁ። እኔ ግን እንደታገድኩ መሞት አልፈልግም። ‹ዋሽቻለሁ፤ ለልጄ አልለመንኩም› ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩት። ብዕሩን ቀለም ነክሬ ሰጠኋቸው። ከግርጌው ምልክታቸውን አኖሩ።

በሰንበት እትዬ ኬዛያ መተላለፊያው መካከል ብቻቸውን ቆሙ፤ ቄሱ አነበቡት። «ለልጄ አልለመንኩም» የሚለው ጋ ሲደረስ ትከሻቸው ወረደ።

«ይቅር የምትሏት እጃችሁን አንሡ» አሉ ቄሱ።

ጉባኤው አነሣ። እኔም አነሣሁ። እትዬ ኬዛያ ዞር ብለው አዩኝና በአንገታቸው አመሰገኑኝ።